ለእጃቸው አምስት ኮከብ፣ ለአፋቸው ሁለት

አባዬ ጨጓራው ደምቶ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። በዚህ መሀል ሦስት ቦታ ከፍለን ተገልግለናል፦ አንድ መድኃኒት ቤት፣ አንድ የሰፈር ክሊኒክ፣ አንድ ሆስፒታል። ሦስቱንም ልገመግም ነው። ስም አልጠራም። አንደኛ፣ እዚያው ሰፈር ነው የምንኖረው። ሁለተኛ፣ ስም ከጠራሁ ወሬው ወደ ጠብ ይዞራል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ሌላ ሰው አባቱን ይዞ በሌሊት ሲሮጥ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ ልጀምር፣ ነገሩም የጀመረው እዚያ ነው። አባዬ 68 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ነድቷል፣ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። ያ ሁሉ ፍሬንና ፍሪሲዮን ጉልበቱን በልቶታል። ሲብስበት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። ማዘዣ የለም፣ ጥያቄ የለም። «ዲክሎ አለ?» «አለ።» አለቀ። ሦስት ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ ሲውጥ «አባባ፣ ጨጓራ አለብዎት? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። ነበረ እኮ! ከአራት ዓመት በፊት ልቡን ታሞ በየቀኑ አስፕሪን ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ሲገቡ የመድማት አደጋው አንዱ ብቻውን ከሚያመጣው በጣም ይበልጣል። ጨጓራ ራሱን ከራሱ አሲድ የሚከላከልበት ልባስ አለው። ያንን ልባስ የሚያሠራውን ኬሚካል ነው እነዚህ መድኃኒቶች የሚያግዱት። ለጉልበት ሕመሙ ማስታገሻ የሆነው ሥራቸውና ጨጓራን የሚያቆስለው ሥራቸው አንድ ነው። ስለዚህ «የዲክሎ መርፌ ጨጓራ አይነካም» የምትሉ ሰዎች፣ ይነካል። በክንድም ግባ በአፍ፣ ደም ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው። አባዬ ይህንንም ሞክሯል፣ መድኃኒት ቤቱ ራሱ ወግቶት።

መድኃኒት ቤት፦ ዜሮ ኮከብ። ልጅቷ ግን ትሑት ነበረች። ቦርሳም በነፃ ሰጥታዋለች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አባዬ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ዲክሎውን ግን አይጾምም። በባዶ ሆዱ በውኃ ይውጠዋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፊቱ መገርጣት ጀመረ፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እማዬ ጾሙ ነው አለች። ተልባ እየቀጠቀጠች ታጠጣዋለች። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ደብቆናል። ለሦስት ቀን ሽንት ቤት ሲገባ የሚያየው ጥቁር ነበር። በኋላ ሐኪሙ ሲጠይቀው ያለውን ልንገራችሁ፦ «እንደ ሬንጅ ነው ልጄ፣ አዲስ እንደፈሰሰ ሬንጅ። ይጣበቃል። ሽታው ደግሞ ሌላ ነው።» ከዚህ የተሻለ መግለጫ በሕክምና መጽሐፍም ያለ አይመስለኝም። ከላይ የፈሰሰ ደም በአሲድና በአንጀት ተፈጭቶ ሲወርድ ቀይ አይሆንም፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ይሆናል። የደም ማነስ የብረት ክኒን የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፣ እንደ ሬንጅ መጣበቁና ያ ሽታ ግን የለውም። የእናንተም አባት «ትንሽ ጠቆር ብሏል» ካለ አትለፉት። የኛ አባቶች ስለዚህ ነገር ማውራት ነውር ይመስላቸዋል።

አርብ ማታ ራሱን ሊስት ሲል ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ወሰድነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። ገባን፣ ካርድ አወጣን፣ ደም ተቀዳ። ምን ሊመረመር? ታይፎይድና ታይፈስ። ገምታችሁ ነበር አይደል? ሰው እግሩን ተሰብሮ ቢሄድም ታይፎይድና ታይፈስ ነው። ውጤቱ «ታይፎይድ አለ» ሆነ። ሆዱን ነካ ነካ አደረጉት፣ «ጨጓራም አለ» አሉ፣ የጨጓራ መርፌ ወጉት፣ አንድ ጉልኮስ ሰቀሉለት፣ የታይፎይድ መድኃኒት አስይዘው ሸኙን። ሰገራህ ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀ የለም። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደሙ ምን ያህል እንዳነሰ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያየ የለም። ያቺ አንዲት ምርመራ ከታይፎይዱ የምትከብድ አይደለችም፣ ብትሠራ ኖሮ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል እንነሳ ነበር። ምን አዋላችሁ ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ሙሉ አባከኑን።

ክሊኒክ፦ አንድ ኮከብ። እሷም ለጉልኮሷ ናት።

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አባዬ ተነሥቶ ሳፋ ጠየቀ። የወጣው ነገር የቡና አተላ ይመስላል። ልክ ጀበና ሲደፋ ሥሩ ላይ የሚቀረው። ከመሀሉ ቀይም አለ። ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል ደረስን።

አሁን ወደ ዋናው ግምገማ። ሆስፒታሉ ትልቅ ነው፣ ሕንፃው አርጅቷል፣ ግድግዳው ተልጧል፣ ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ወንበር እንኳን በወረፋ ነው። በር ላይ ስደርስ ልቤ ወደቀ። «እዚህ ነው የሚሞተው» አልኩ። ተሳስቼ ነበር።

መግቢያው ላይ የነበረችው ሲስተር አባዬን አየችው፣ የልብ ምቱን ቆጠረች፣ 118። ግፊቱ 90 በ60። ካርድ አውጡ አላለችንም። ወዲያው አልጋ ላይ። በሁለቱም ክንዱ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ገባ፣ ሁለቱም ወፍራሞቹ። እኔ «ለምን ሁለት? አንዱ አይበቃም ወይ፣ ሽማግሌ ነው» እያልኩ ስቸከችክ ዝም ብላ ሠራች። አንዱ ቢዘጋስ? በአንዱ ፈሳሽ፣ በሌላው ደም ሊገባ ነው። ቱቦው ወፍራም ሲሆን በደቂቃ የሚገባው መጠን ይበዛል፣ ያ ብቻ ነው ምሥጢሩ። ደም ተቀዳ፣ ዓይነቱ እንዲታወቅና ሄሞግሎቢኑ እንዲለካ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ገና ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነኝ። ገንዘብ የተጠየቅነው በኋላ ነው። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ኪሴ ውስጥ የነበረው የታክሲ ብቻ ነበር።

ሄሞግሎቢኑ 6.4 ሆኖ መጣ። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ቀልቷል። ሁለት ከረጢት ደም አዘዘ። ከደም ባንክ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ አራት ይሰጠው ብዬ ለመንኩ። እኔና ወንድሜ እንስጥ፣ ጎረቤትም እንጠራለን አልኩ። «አይ፣ ሁለት ይበቃል» አለና ሄደ። በቃ። ለምን እንደሚበቃ አልተናገረም። እኔ ደግሞ ደም ሊቆጥቡብን ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድሜማ የሚያውቀው ባለሥልጣን ጋ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ነበር።

በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባርሴሎና ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሟል፣ 921 ሰዎች፣ ሁሉም ከላይኛው የሆድ ዕቃ ክፍል የሚደሙ። ግማሾቹ ሄሞግሎቢናቸው ከ7 ሲወርድ ብቻ ደም ተሰጣቸው። ግማሾቹ ገና ከ9 ሲወርድ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሕይወት የነበሩት ደም በቁጠባ ከተሰጣቸው 95 በመቶ፣ በብዛት ከተሰጣቸው 91 በመቶ ነበሩ። ደም ሲበዛ ግፊቱ ይጨምርና ቁስሉ መልሶ ሊደማ ይችላል። አባዬን የመሰለ ልቡን የታመመ ሰው ትንሽ ከፍ ይደረግለታል፣ ወደ 8 አካባቢ። ሁለቱ ከረጢት 8.3 አደረሱት። ልጁ ልክ ነበር፣ አፉን ነው ያልከፈተው።

ይህን ስል አስታውሳችሁ፣ ርዕሴ ላይ ያለችው «ለአፋቸው ሁለት» ከዚህ ነው የምትጀምረው።

ቀጣዩ ጠብ ስለ ኢንዶስኮፒ ነበር። ኢንዶስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው ጨጓራውን ውስጥ ድረስ ማየት ነው፤ ማየት ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚደማውን ማስቆም። ሌሊት ስፔሻሊስቱ አልነበሩም። «ጠዋት ይሠራል።» አባቴ ደም እየተፋ ጠዋት? ጮኽኩኝ፣ አልደብቅም። የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ሌላም በሽተኛ አለ» እስኪለኝ ድረስ። አሁን ሳስበው ያፍራል ፊቴ። ምክንያቱም እዚህም ልክ ነበሩ። በመጀመሪያ ግፊቱን ማንሳት፣ ደም መተካት፣ የአሲድ መድኃኒት መጀመር ነው፤ ቱቦው ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ 516 በጣም የሚያሰጉ በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው አይተውታል፣ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጣ። በስድስት ሰዓት ውስጥ የተሠራላቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ የሞቱት 8.9 በመቶ፣ ከስድስት እስከ 24 ሰዓት የቆዩት 6.6 በመቶ። መሮጡ ምንም አልጠቀመም። በርግጥ ደሙና ፈሳሹ እየገባለት ግፊቱ አልያዝ ያለ ሰው ሌላ ነው፣ እሱ አይጠብቅም። አባዬ ግን ይዞለት ነበር።

ታዲያ ያንን ሁሉ ጩኸቴን አንድ ዓረፍተ ነገር ያቆመው ነበር። «አባትህ አሁን ተረጋግቷል፣ በዚህ ሁኔታ እስከ ጠዋት መቆየቱ አይጎዳውም።» ይኸው። አሥር ቃል አትሞላም። አንድም ሰው አልነገረኝም።

የአሲድ መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፓንቶፕራዞል ሆስፒታሉ ውስጥ አልቆ ስለነበር ውጭ ግዙ ተባልን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ወንድሜ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሮ አገኘ። ይህን ምን ልበለው? የደማ ጨጓራ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይህ መድኃኒት አለቀ ማለት ጎሚስታ ቤት ሄደህ ማስቲሽ የለም እንደ መባል ነው። መጀመሪያ 80 ሚሊ ግራም በአንዴ ሰጡት። ከዚያ በየሰዓቱ 8 ሚሊ ግራም በፓምፕ ለ72 ሰዓት የሚንጠባጠብበት አሠራር አለ፣ ፓምፕ ግን የለም፤ ስለዚህ በየ12 ሰዓቱ 40 ሚሊ ግራም ወጉት። ይህም ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው፣ ውጤቱም ከፓምፑ እንደማያንስ ታይቷል። ፓምፕ የለም ብላችሁ አትደንግጡ ለማለት ነው።

አጎቴ ደግሞ ከናዝሬት ደውሎ «ደም ማቆሚያ መርፌ አለ፣ ትራኔክሳሚክ ይባላል፣ ለምን አይሰጡትም?» አለ። ጠየቅኩ። ሲስተሯ «ለዚህ አይሰጥም» አለች። እሱም ልክ ነው፣ ከ12,000 በላይ ሰው ላይ ተሞክሮ ለዚህ ዓይነት መድማት እንዳልጠቀመ፣ ይልቁንም በሥር ውስጥ የደም መርጋትን እንደጨመረ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። አጎቴ እስካሁን አላመነም።

እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስፔሻሊስቷ መጡ። እሑድ ነው እኮ! ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቱቦው ከመግባቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ኤሪትሮማይሲን በደም ሥር ተሰጠው። አንቲባዮቲክ ነው፣ እዚህ ግን የተፈለገው ለሌላ ጠባዩ ነው፤ ጨጓራን ያኮማትርና በውስጡ ያለውን ፈሳሽና የረጋ ደም ወደ ታች ይገፋዋል። ሐኪሟ የሚያዩት ነገር እንዲኖር። ጉሮሮው ላይ ማደንዘዣ ተረጨ፣ በግራ ጎኑ ተኛ፣ ጥርሱ መሀል ማቆሚያ ገባ። ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

ሲጨርሱ እኔን ጠርተው ፎቶውን አሳዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የነገረኝ ያኔ ነው፣ ስለዚህ የአፋቸውን ሁለት ኮከብ ያስገኙት እኚህ ሴት ብቻቸውን ናቸው። ቁስሉ ጨጓራው ላይ ሳይሆን ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ነው። ነጭ ጉድጓድ፣ መሀሉ ላይ እንደ ቀይ ክብሪት ራስ ብቅ ያለ ነገር። የደም ሥር ነው። እኛ ስናይ አይፈስም፣ ግን ክዳኑ የለቀቀ ነው። ቁስሎቹን በዓይነት የሚለይ ፎረስት የሚባል መለያ አለ፣ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ። የሚተፋ፣ የሚያዥ፣ የደም ሥሩ የሚታይ፣ የረጋ ደም የተለጠፈበት፣ ጥቁር ነጥብ ብቻ ያለው፣ ንጹሕ የሆነ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቱቦው ምንም ሳይደረግላቸው በመድኃኒት ይድናሉ። የአባዬ ሦስተኛው ነው፣ የደም ሥሩ የሚታየው። ዝም ቢባል መልሶ የመድማት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ምን አደረጉ? መጀመሪያ በቱቦው ውስጥ ቀጭን መርፌ አሳልፈው ዙሪያውን የቀጠነ አድሬናሊን ወጉት። ሥሩ ይኮማተራል፣ አካባቢውም ያብጥና ይጨምቀዋል። ግን አድሬናሊን ብቻውን አይበቃም፣ ሰዓታት ቆይቶ ኃይሉ ይለቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ነገር ይጨመራል፦ በሙቀት መተኮስ ወይም ክሊፕ። እሳቸው ክሊፕ አደረጉ። ክሊፕ ማለት የልብስ መቆንጠጫ ነው፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ ከብረት የተሠራች። ሥሩን ነክሳ ትይዛለች። ሁለት አስገቡ። አንዷ ሲስተር በኋላ ሹክ እንዳለችኝ ክሊፕ አንዳንዴ ያልቃል፤ ያን ዕለት ግን ነበረ። ስለዚህ እናንተ ስትሄዱ ከምትጠይቁት አንዱ ይህ ይሁን፦ እዚህ ኢንዶስኮፒው የሚያየው ብቻ ነው ወይስ የሚያክመውም አለ? አንዳንድ ቦታ ካሜራው አለ፣ ክሊፑም መተኮሻውም የለም። አይተው «ይደማል» ብለው ሪፈር ይጽፉላችኋል። በክሊፕ ባይቆም ኖሮ ደግመው በቱቦ ይሞክራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በደም ሥር ገብቶ መድፈን ወይም ቀዶ ሕክምና ነው።

አባዬ ሲነቃ ምን አደረጉልኝ አለ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ጎሚስታ ናቸው በለኛ» አለ። «ፓች ለጠፉ።» ከዚያ ወዲህ ስፔሻሊስቷን በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። እሳቸውም ሲሰሙ በጣም ሳቁ።

ለእጃቸው አምስት ኮከብ። ከነፍርሃቴ፣ ከነጩኸቴ፣ ያለ ምንም ቅናሽ።

ከዚያ ሦስት ቀን ዋርድ ተኛን። ሦስት ቀን የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፣ ተመልሶ የሚደማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ነው የሚደማው። አሲዱ ከተገታ የረጋው ደም ሳይሟሟ ይቆያል። ዋርዱ እንደምታውቁት ነው። አስታማሚ ወንበር የለውም፣ ብርድ ልብስ ከቤት ነው፣ ምግቡን እማዬ በሳህን ቋጥራ ታመላልሳለች። ሽንት ቤቱ መብራት የለውም። ሐኪሞቹ ደግሞ «ሰገራውን እዩ፣ ጥቁር ከሆነ ንገሩን» ይላሉ። በጨለማ እንዴት ነው የምናየው? የስልክ ባትሪ ይዤ አባቴ ኋላ የቆምኩበትን ቀን ሁለታችንም ስለዚያ ዳግም ላለማውራት ተስማምተናል። አሁን ጻፍኩት፣ ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ ሁለተኛው ቀን ላይ ጥቁር ሆነ። ተደናግጬ ሮጥኩ። ተረኛዋ «እሱ የድሮው ነው» ብላ ሄደች። የድሮው ማለት? ሰኞን ሙሉ ምጥ ሆነብኝ። ማታ አንድ የሕክምና ተማሪ ነው የነገረኝ፦ መድማቱ ከቆመ በኋላም አንጀት ውስጥ የቀረው ደም እስኪወጣ ድረስ ቀናት ይፈጃል። የሚያሰጋው አዲስ ደም ማስታወክ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና ማዞር፣ የሄሞግሎቢን መውረድ ነው። ተማሪው፣ ዋርድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው የሚያዋራ ብቸኛው ሰው።

አስፕሪኑንም ልንገራችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መልሰው አስጀመሩት። እማዬ አበደች። «ይኸው ያደማውን መልሰው ሊሰጡት!» ግን ልቡን ለታመመ ሰው አስፕሪን ለብዙ ጊዜ ማቆም ራሱ ሊገድል ይችላል። መድማቱ በቱቦ ከቆመለት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ከአሲድ መድኃኒቱ ጋር አብሮ ይጀመራል። ዲክሎፌናክ ግን በቃ፣ ለዘላለሙ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞልና የሚቀባ ጄል።

መውጫው ላይ ደግሞ ያዘንኩባቸው አንድ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ኦሜፕራዞል (የሚዋጠው የአሲድ መድኃኒት) ለስምንት ሳምንት ይላል፣ ስለ ኤች ፓይሎሪ ግን አንድ ቃል የለም። የሰገራ ምርመራ ተሠርቶ «ነጌቲቭ» ነበር፣ በዚያው ተዘጋ። ኤች ፓይሎሪ ማለት ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው፣ ከነዲክሎፌናክ ጋር የቁስለት ዋናው ምክንያት። ባክቴሪያ ነው ሲባል ሰው አያምንም ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጥቶ አሳያቸው፣ ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ዛሬም የኛ ሰው በርበሬውን ነው የሚከሰው። እማዬ በርበሬና ቡና ከቤት አስወጥታ ነበር፣ ጎሚስታዋ ሐኪም ናቸው «ካልቆረጠው ይብላ» ብለው ያስመለሱት።

ነጌቲቩን ያላመኑትም እሳቸው ናቸው፣ በቀጠሮ ስንሄድ። ሰው እየደማ፣ የአሲድ መድኃኒትም እየወሰደ ሲመረመር ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ይደገማል። ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ ኦሜፕራዞሉን ለሁለት ሳምንት አቁሞ፣ በመሀሉ ፋሞቲዲን የሚባል ሌላ ዓይነት የአሲድ መድኃኒት ይዞ፣ ሰገራው እንደገና ተመረመረ። ፖዘቲቭ። ዝም ብለን ቢሆን ኖሮ ቁስሉ ተመልሶ ሊመጣ ይችል ነበር። በነገራችን ላይ በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም ምርመራ ባክቴሪያው አሁን መኖሩን አይለይም፣ ድሮ ይዞህ የነበረውንም «አለ» ይልሃል። የሰገራውን ጠይቁ። ሕክምናው 14 ቀን ነው፤ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል። አፉ ብረት ብረት አለው፣ ሆዱ ተረበሸ፣ ሰባተኛው ቀን ላይ ሊያቆም ነበር። እማዬ ቆማ አስዋጠችው። መድኃኒቱ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ሌላ ምርመራ፣ ነጌቲቭ፣ አሁን የምር። የእናንተ ቁስለት ጨጓራው ራሱ ላይ ከሆነ ደግሞ ናሙና መወሰዱንና ኢንዶስኮፒው ሊደገም ቀጠሮ መያዙን አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ቁስለት የሚመስል ካንሰር ነው።

ዋጋውን ልትጠይቁኝ ነው፣ አውቃለሁ። ቁጥር አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይለወጣል። ኢንዶስኮፒው ከነክሊፑ እኛ ከፈራነው በታች ነበር። የቆረጠን ውጭ የገዛነው መድኃኒት ነው።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ከአምስት ወር በኋላ አባዬ ለዚያው ጉልበቱ ሌላ ቦታ ኤምአርአይ ታዘዘለት። በር ላይ ባለሙያው «አባቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ብሎ ጠየቀው። እኔ «የለም» ልል አፌን ስከፍት አባዬ «አለ እንጂ! ሁለት! ጎሚስታዋ የለጠፉልኝ» አለ። ባለሙያው ግራ ገባው። ነገሩን ሲረዳ ደነገጠ። አንዳንዱ ክሊፕ ኤምአርአይ ውስጥ አይገባም፣ ማግኔቱ ይስበዋል። የመውጫ ወረቀታችን ላይ ስለ ክሊፕ የተጻፈ ነገር የለም፣ ምን ዓይነት እንደሆነም አይልም። ከአፋቸው ኮከብ ላይ ግማሽ ልቀንስ አሰብኩ፣ ተውኩት።

ሆዱን ራጅ አስነሥተነው ጠበቅን። ክሊፖቹ የሉም። ቁስሉ ሲድን በራሳቸው ረግፈው ወርደዋል። አባዬ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ሳይነግሩኝ ሄዱ» አለ።